አቡ ሊሕያ አንበጣ አልበላም አለ



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እንሽላሊት ነው። አትሳቁ። እኛ በምንኖርበት በለንደን የሐበሻ ሙስሊም ልጆች ከድመትና ከወፍ አልፈው እንሽላሊት ማሳደግ ጀምረዋል። የቅዳሜና እሁድ መድረሳ ልጆቻችንም መሃል አሉ። ወላጆች ኢማማችን ዘንድ እየመጡ «ይህ ነገር ቤት ውስጥ ይፈቀዳል ወይ?» ይላሉ። ኢማማችን የፊቅሁን መልስ ከሰጡ በኋላ የቀረውን ወደ እኛ ይመሩታል። የቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፦ «አልበላ አለን፣ ምን እናድርግ?»

እንስሳው ባለ ጺሙ እንሽላሊት ነው፤ እንግሊዞቹ ቢርድድ ድራገን ይሉታል። መነሻው የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ነው። ሲቆጣ ወይም ሲፈራ አገጩ ሥር ያለውን እሾሃማ ቆዳ ይነፋዋል፤ ያም ይጠቁርና ልክ ጺም ይመስላል። አውስትራሊያ የዱር እንስሳዎቿ ለንግድ ከአገር እንዳይወጡ ከከለከለች አሥርተ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ እዚህ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ሁሉ በሰው እጅ የተፈለፈለ ነው። በረሃን አይቶ አያውቅም። በደንብ ከተያዘ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲወጣም ያ ሳጥን እዚያው ነው ማለት ነው። ይህን ከመግዛታቸው በፊት የሚያስቡ ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው።

አንድ የ12 ዓመት ልጃችን ያሳደገው እንሽላሊት ታሪክ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል ብለን ስላመንን፣ እናቱን አስፈቅደን እንጽፈዋለን። እንሽላሊቱን የገዛው ታላቅ ወንድሙ ነበር። በእንግሊዝ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንስሳ መሸጥን ይከለክላል፤ ባለቤቱንም ተገቢውን ምግብና መኖሪያ እንዲያሟላ ያስገድዳል። ታላቅየው ገዛ፣ ለትምህርት ሌላ ከተማ ሄደ፣ እንሽላሊቱ ለታናሹ ቀረ። የመድረሳው ልጆች በጺሙ የተነሳ «ሸይኹ» ሲሉት ሰምተን «ዐይብ ነው፣ የዕውቀት ሰዎች ስም መቀለጃ አይሆንም» አልናቸው። ተማክረው «አቡ ሊሕያ» አሉት፤ ባለ ጺሙ እንደማለት ነው። በዚህ ተስማማን።

እናቱ መጀመሪያ የመጡት ስለ ምግቡ አይደለም። «ኡስታዝ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወዘግን ግደሉ ብለው የለ? እኔ ወሎ ሳድግ አባቴ ግድግዳ ላይ ካየው በጫማ ነበር የሚለው። እዚህ ልጄ መብራት አብርቶለት ያሞቀዋል!» አሉ። ጥያቄያቸው የዕውቀት ጥያቄ ነው። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ነገር ግን ወዘግ የሚባለው ግድግዳና ጣሪያ ላይ የሚሄደው የታወቀው የቤት እንሽላሊት ነው። ባለ ጺሙ ከዚያ ዘር አይደለም። የእንስሳት ተመራማሪዎች የሚመድቡት አጋሚዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ዐረቦች ደብ የሚሉት እሾሃማ ጭራ ያለው የበረሃ እንሽላሊትም የዚያው ቤተሰብ ነው። ደብን ደግሞ ሐዲስ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። በእናታችን መይሙና (ረ.ዐ) ቤት የተጠበሰ ደብ ቀርቦ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንደሆነ ሲነገራቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ሐራም አይደለም፣ በወገኖቻቸው ምድር የማይገኝ ስለሆነ ነፍሳቸው እንዳልፈቀደችው ነገሩት። ኻሊድም ወደ ራሱ ስቦ በላ፤ እርሳቸውም እያዩት ነበር። ደብን መብላት ላይ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት አለ፤ የኛ ጉዳይ ግን መብላት ሳይሆን ማኖር ነው።

ይህን ለእናቱ የነገርናቸው እንሽላሊቱን እንዲወዱት አይደለም። የነፍስ መጸየፍና ሐራምነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስለሚያሳይ ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ለራሳችሁም ያዙት። እናት «እጸየፈዋለሁ» ስትል መብቷ ነው፤ ቤቱ ቤቷ ነው። እጸየፈዋለሁና ሐራም ነው ማለት ግን አይቻልም። ልጅም «ሐላል ነው» በሚል ሰበብ እናቱን ማስቸገር አይችልም።

እውነተኛው ጭቅጭቅ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አቡ ሊሕያ የሚበላው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት የሚጮኸውን ትንሽ ፌንጣ፣ እዚህ ክሪኬት የሚሉትን። ክሪኬት ይዘላል፣ ይሸሻል፣ ይሸታል። የጎለመሰው ወንዱ ክሪኬት ሌሊቱን ሙሉ ክንፉን እያፋጨ ይጮኻል። አንድ ቀን ሣጥኑ ሳይከደን አድሮ ግማሹ ወጣ። እናቱ ለፈጅር ሲነሱ አንዱ ከማቀዝቀዣው ኋላ ይጮኻል፣ ሌላው መስገጃው ላይ ተቀምጧል። «ወይ ፌንጣው ወይ እንሽላሊቱ፣ አንዱ ከዚህ ቤት ይውጣ» አሉ። የተሸጠበት ሱቅ ደግሞ መልሶ አይቀበልም። ልጁ በዚያ ሳምንት ቁርኣን ሲያሰማ አራት ቦታ ላይ ተሰናከለ።

መፍትሔው የሚታወቅ ነው፤ አንበጣ። በእንግሊዝ የእንስሳት ሱቆች ለእንሽላሊት ምግብነት የተረባ አንበጣ በፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣል። እንደ ክሪኬት አይጮኽም፣ ሽታው አነስተኛ ነው፣ ካመለጠም ከዕቃ ሥር ከመሸሸግ ይልቅ ወደ ብርሃን ስለሚወጣ ይያዛል። ልጁ በኪስ ገንዘቡ ገዛ። አቡ ሊሕያ አየት አደረገና ፊቱን አዞረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «ተወው፣ ሲርበው ይበላል» የሚለው። ኢንተርኔት ላይም ይህን ምክር በገፍ ታገኙታላችሁ። ለጎልማሳ እንሽላሊት አንድ ሁለት ቀን ጾሞ ማደር ምንም አይደለም። የ3 ወር ግልገል ግን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚበላ፣ አጥንቱ በየቀኑ የሚያድግ ፍጥረት ነው። እሱን በረሃብ ማስገደድ መጨረሻው ሊያስፈራ ይገባል። ስለዚያች ድመቷን አስራ ስለገደለች ሴት የተነገረውን ሐዲስ ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል። ሐዲሱ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ዝርዝር አለ፤ የሴትዮዋ ጥፋት አለማብላቷ ብቻ አይደለም፣ ድመቷ ራሷ የምድርን ነፍሳትና ተባይ ፈልጋ እንድትበላ አለመልቀቋም ነው። ዐረብኛው ኸሻሽ ይለዋል። እንሽላሊት በረሃ ላይ ቢሆን አንዱን ነፍሳት ትቶ ሌላውን ያሳድድ ነበር። መስታወቱን የዘጋነው እኛ ነን። ከዘጋን በኋላ «እሱ ነው አልበላም ያለው» ማለት ጀርባችንን አያድንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ አንበጣውን እስኪለምድ የሚያውቀው ክሪኬት ከቀኑ አንዱ ማዕድ ላይ አይቀርበትም። እናቱ ለአንድ ወር ብቻ፣ ሣጥኑ በረንዳ ላይ እንዲያድር በሚል ቅድመ ሁኔታ ፈቀዱ። ሁለተኛ፣ በየሦስት ቀኑ በኩሽና ሚዛን ይመዘናል፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከቀነሰ ሙከራው ቆሞ ወደ ሐኪም ይሄዳል። መጀመሪያ ስንመዝነው 31 ግራም ነበር። ግልገል ሲሆን «በዓይኔ ሳየው ደህና ነው» አይሠራም፤ ዓይን 3 ግራም አያይም። (ሚዛኑን እናቱ መልሰው ኩሽና አላስገቡትም፤ ሌላ ገዙ።)

በመስጂዳችን የሚሰግድ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በነርስነት የሚሠራ አንድ ወንድም አለ። አላህ ይጨምርለትና ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ አየው። ስለ አንበጣው አንድም ቃል ሳይናገር ወደ መብራቱ ሄደ። ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ቴርሞሜትር 30 ዲግሪ ይላል። እሱ ግን እንሽላሊቱ የሚሞቅበት ድንጋይ ላይ ሽቦ ያለው መለኪያ አስቀመጠ፤ 34 ሆነ። «ይህ ልጅ የሚመርጥ አይደለም፣ የበረደው ነው» አለን። እንሽላሊት እንደኛ ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም፤ ምግብ የሚፈጨው ከውጭ ባገኘው ሙቀት ነው። ግልገል የሚሞቅበት ቦታ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ሌላው የሣጥኑ ጫፍ ደግሞ ሲሞቀው የሚሸሽበት 25 አካባቢ የሆነ ቀዝቃዛ ቦታ መሆን አለበት። ድንጋዩን በሁለት ጡብ ከፍ አድርገን ወደ መብራቱ አቀረብነው፤ 40 ገባ። በሁለተኛው ቀን ክሪኬቱን ራሱ ከበፊቱ በእጥፍ በላ።

አልትራቫዮሌት የሚሰጠውን መብራትም ጠየቀ። ያለ እሱ እንሽላሊት ካልሲየሙን ሰውነቱ ውስጥ ሊያስገባ አይችልም። «መስኮት አጠገብ ነው፣ ፀሐይ ያገኛል» ያለ ሁሉ ተሳስቷል፤ የመስኮት መስታወት የሚያስፈልገውን ጨረር ያስቀራል። መብራቱም ሳይቃጠል ኃይሉ ይደክማል፤ እንደ ዓይነቱ በ6 ወር ወይም በዓመት መቀየር አለበት።

ቀጥሎ መጠኑን አየ። ልጁ የገዛው አንበጣ ትልልቁን ነበር፤ ዋጋው አንድ ስለሆነ ትልቁ ያዋጣል ብሎ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ነፍሳቱ በእንሽላሊቱ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። ከዚያ የበለጠ ከሆነ ለመፍጨትም ያስቸግራል፣ ሊያንቀውም ይችላል። ደግሞ የትልቅ አንበጣ የኋላ እግር ይራገጣል። አንዴ ፊቱ ላይ የተመታ ግልገል ያንን መልክ ሲያይ ቢሸሽ ምን ይፈረድበታል? ክንፍ ያላወጡ ትንንሾቹ ተገዙ።

ከሙቀቱና ከመጠኑ በኋላ የቀረው ማስተዋወቅ ነው። ባለ ጺሙ እንሽላሊት ምግብን የሚያውቀው ሲንቀሳቀስ ነው። ክሪኬት መሬት ለመሬት ይሮጣል፤ ዓይኑ ይከተለዋል። አንበጣ ግን ሣጥኑ ውስጥ እንደገባ በመስታወቱ ላይ ወጥቶ መብራቱ አጠገብ ይጣበቅና ዝም ይላል። ለኛ ምግብ ነው፣ ለአቡ ሊሕያ ቅጠል ነው። እልኸኝነት ብለን የምንጠራው አብዛኛው ነገር ይህ ነው፤ አላወቀውም።

እንዲህ አደረግን። መብራቱ በሰዓት መቆጣጠሪያ 6 ሰዓት ከሌሊቱ ሳይሆን ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ ይበራል (እንግሊዞቹ 6 የሚሉት፤ ልጁ አንድ ቀን አምታቶት ነበር)። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ከሞቀ በኋላ፣ ሆዱ ባዶ ሳለ፣ መጀመሪያ አንበጣ ይቀርባል። ልጁ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ማለት ነው። አንበጣው የሚቀርበው ግድግዳው በሚያንሸራትት ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ውስጥ ነው፤ መውጣት አይችልም፣ ስለዚህ ይንቀሳቀሳል። አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። ካልበላ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ልጁ ሲመለስ ክሪኬት ይሰጠዋል። ያልተበላ ክሪኬት ሣጥኑ ውስጥ አያድርም፤ ሌሊት ተኝቶ ሳለ እንሽላሊቱን ራሱን ይነክሰዋል።

አንዳንድ አሳዳጊዎች አንበጣው እንዳይዘል የኋላ እግሮቹን ነቅለው ይጥላሉ። ይህን ልጁ ቪዲዮ ላይ አይቶ ጠየቀን። አይሆንም አልነው። አንበጣው መበላቱ የፍጥረት ሥርዓት ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን በማረድ ላይ እንኳን ማሳመርን አስተምረውናል። ማቀዝቀዝ ይበቃል፤ ነፍሳት ሲበርዳቸው ይዘገያሉ። ሁለት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጠው ስንል እናቱ «ከእንጀራዬ ጎን?» አሉ። ለንደን ነውና የበረንዳው ብርድ ያንኑ ሥራ ሠራ።

በስድስተኛው ቀን ወረንጦ ጀመርን። ጫፉ ላስቲክ የሆነውን፣ አፉን እንዳይጎዳው። አንበጣውን ከወገቡ ለስለስ አድርጎ ይዞ ከእንሽላሊቱ ፊት መሬቱን እያስነካ ማንቀሳቀስ ነው። አፍንጫው ላይ መደቀን አይደለም፤ ይህ ያስፈራዋል፣ ጺሙ ይጠቁራል። ጺሙ ከጠቆረ የዚያ ቀን ሙከራ አበቃ። አቡ ሊሕያ አንገቱን አዘንብሎ አየ። አልበላም። ግን አየ። ልጁ «ኡስታዝ፣ አየው!» ብሎ የላከልን መልእክት ዐስር ሰግደን ስንወጣ ደረሰን።

ከዚያ ልጁ በራሱ አስቦ ያደረገውን ማሻአላህ እንላለን። ከሰዓት በኋላ ክሪኬቶቹን አንድ በአንድ ይለቃል፤ እንሽላሊቱ ሩጫ ውስጥ ይገባል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ በክሪኬቱ ፈንታ ትንሽ አንበጣ ጣል ያደርጋል። ሩጫ ላይ ያለ ዓይን አይመርጥም። በዘጠነኛው ቀን በምላሱ ለቅሞ ወዲያው ተፋው። በአሥራ አንደኛው ቀን ዋጠ። ከዋጠ በኋላ ደንግጦ እንደቆመ ሰው ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም አለን ልጁ። ሚዛኑ በእነዚህ ቀናት 31፣ 32፣ 32፣ 34 ነበር። አንዴም አልቀነሰም፤ ወላሂ ከመዋጡ ይልቅ ደስ ያለን ይህ ነው።

እናቱ በእነዚህ ቀናት አንድ ነገር ጠየቁ። «ይህ አንበጣ የኛው አንበጣ ነው እንዴ?» እዚህ ከሚሸጡት አንዱ የበረሃ አንበጣ የሚባለው ዝርያ ነው፤ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ወደ አገራችን በመንጋ የገባው ያው ነው። ራያና ሰሜን ወሎ ላይ አዝመራው ሊሰበሰብ ሲል የደረሰው። የእሳቸው ወንድም ማሽላ በአንድ ከሰዓት ነው ያለቀው። ፕላስቲኩን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ቆርቆሮ እየደበደብን፣ እየጮኽን ስናባርረው ነበር የሚሉት። እዚህ ልጄ ገንዘብ ከፍሎ፣ ሰላጣ እያበላ ያሳድረዋል» አሉ። ከዚያ ሳቁ። ሱብሐነላህ፣ አንዱ ዘንድ የአላህ ሰራዊት ሆኖ የሚመጣው ሌላው ዘንድ በቁጥር ይገዛል። ከዚያን ቀን ወዲህ ዕቃውን በረንዳ ላይ ያስቀመጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ሰላጣ ስላልን፣ አንበጣው ራሱ በደንብ ካልበላ ለእንሽላሊቱ ባዶ ቅርፊት ነው። ከመቅረቡ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ቅጠላ ቅጠልና ካሮት ሊበላ ይገባል። ነፍሳት በአብዛኛው ፎስፈረሳቸው ከካልሲየማቸው ይበልጣል፤ ስለዚህ በካልሲየም ዱቄት ይነሰነሳሉ። ይህ ከጎደለ የግልገሉ መንጋጋ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ አጥንቱ ይጎብጣል። ቅጠልም በየቀኑ ይቀርብለት፤ ገና ልጅ ሳለ ብዙ ባይነካውም ሲጎለምስ ዋናው ምግቡ ይሆናል። ቆስጣ አታዘውትሩ፤ ውስጡ ያለው ነገር ካልሲየሙን ይይዘዋል።

ይህን ገጽ አዲስ አበባ፣ ደሴና ጅማ ሆናችሁ የምታነቡ ወንድሞች «ለኛ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። ዶሮም ሆነ እርግብ፣ ነፍሳት የሚበላ ማንኛውንም እንስሳ የምታሳድጉ ከሆነ አንድ ነገር ያዙ፤ ከሜዳ የተያዘ ነፍሳት መድኃኒት የተረጨበት ሊሆን ይችላል። በዚያ የአንበጣ ዘመን በአውሮፕላን ሳይቀር ተረጭቷል።

ስለ ትልም እንጨምር። ልጁን አንድ ሱቅ ውስጥ ወፍራሙን ነጭ ትል «ይህን የማይበላ የለም» ብለውት ነበር። እውነት ነው፣ የማይበላ የለም። ስብ ብቻ ስለሆነ ይጣፍጠዋል፤ ከዚያ ሌላ ነገር አልቀምስም ይላል። ልጅን በከረሜላ ምሳ ማስረሳት ነው። አልገዛነውም።

አሁን አምስተኛ ሳምንቱ ነው። አቡ ሊሕያ 52 ግራም ሆኗል። ክሪኬት ከዚያ ቤት ወጥቷል፤ እናቱ ፈጅርን በጸጥታ ይሰግዳሉ። ነርሱ ወንድማችን ግን አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ አይበቃውም ብሎ የጥቁር ዝንብ ትል የሚባለውን እንዲያለምዱት መክሯል፤ በካልሲየም የታወቀ ነው፣ ዱቄትም አያስፈልገውም። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ሳህኑ አጠገብ ይመጣል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ ትሎቹ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ተራምዷቸው ወደ ድንጋዩ ይወጣል።